የእትዬ ታንጉት የዋና መዝገብ

ባለፈው ጥር ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ጎንደር አንድ ሆቴል ተጠርቼ ሄድሁ። ሙሽሮቹ ፎቶ ተነሥተው እስኪጨርሱ እኛን ሽማግሎቹን መዋኛው ዳር ከጥላ ሥር አስቀመጡን። ገና ወገቤን ሳላሳርፍ ከውኃው የሚወጣው የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ እኔም ልቤ ሠርጉን ትቶ ቆላ ወረደ። ያ ሽታ ለእኔ በየማለዳው ወለሉ በበረኪና የሚታጠብ ባለ አንድ ክፍል ክሊኒክ ነው፤ ቆርቆሮው ገና በሦስት ሰዓት በፀሐይ መንጣጣት የሚጀምር። በዚህ ላይ ደግሞ አንዲት ቁምጣ የለበሰች አሠልጣኝ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ደብተር ይዛ፣ ሦስት ልጆች ወዲያና ወዲህ ሲዋኙ እያየች ትጽፋለች። ልጆቹ ግድግዳውን በነኩ ቁጥር ሰዓቷን ታይና አንድ ነገር ትጭራለች። አላስችል ቢለኝ ተነሥቼ ጠጋ አልሁና «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትጽፊው?» አልኋት። «የልምምድ መዝገብ ነው አባባ፤ ስንት ደቂቃ እንደዋኙ፣ ምን በልተው እንደመጡ፣ የት ላይ እንዳመማቸው» አለች፣ ለአንድ ምንም ለማያውቅ ሽማግሌ አዲስ ነገር እንደምታስረዳ ሆና። ሣቄ መጣ። እንዲህ ያለውን መዝገብ እኔ እሷ ሳትወለድ ይዤዋለሁ፤ ያውም ጓንግ ወንዝ ዳር፣ ያውም በትራክተር ቅጽ።

የዚያን ዘመን ቀኑን ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። ከሱዳን ተሻግሮ መተማ ገበያ የሚሸጠው ሮዝ ሳሙና ስሙኒ ነበር፤ በእሱ ታጥቦ ሸሕዲ የሚገባ ሰው ሽታው ከአውቶቡሱ ቀድሞት ይወርዳል። ቴትሮን ሸሚዝ ሰባት ብር፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚዘረጋው ደግሞ ዘጠኝ። እኔ የዘጠኙ ነበረኝ፤ ቀለሙ የበሰለ ፓፓያ ይመስላል፣ በዚያ ሙቀት ጀርባ ላይ እንደ ላስቲክ ይጣበቃል፣ ግን ማን ሊያወልቀው! አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ስኳሩ ታች እስኪዘቅጥ። ባለቤቷ የሱዳን ሬዲዮ ከፍታ ትተወዋለች፤ የዘፈኑን ቃል አንሰማም፣ ዜማው ግን ከጠረጴዛው ሥር እግራችንን ሲያስመታን ይውላል። ከሬዲዮው በላይ መፈክር ተለጥፎ ነበር፤ ምስጥ በልቶት «ወደፊት» የምትለው ቃል ብቻ ቀርታለች። አምና በዚያ ሳልፍ ሻይ ቤቷ የሞባይል ቀፎ መሸጫ ሆና አገኘኋት። ባለሱቁን ስለ ሬዲዮው ብጠይቀው የሚጠገን ሬዲዮ ያመጣሁ መሰለው።

እኔ ከሸሕዲ በታች በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ የትራክተር ሰዓት መዝጋቢ ነበርሁ። ቅጹ ሰፊ ነው፤ የተነሣበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ የሠራው ሰዓት፣ የወሰደው ነዳጅ፣ ብልሽት፣ አስተያየት፣ ፊርማ ይላል። ማታ ማታ ኦፕሬተሮቹ አቧራ ለብሰው ይመጡና የዋሉበትን ይነግሩኛል፣ እኔ እሞላለሁ። ታዲያ ኮታ የሚባል ነገር ነበር። ትራክተሩ የተባለውን ሰዓት ካልሠራ ኦፕሬተሩ ይጠየቃል፤ እሱ ከተጠየቀ የክፍሉ ኃላፊ ይጠየቃል፤ እንዲህ እያለ እላይ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት የሠራውን ሰባት፣ ሰባት የሠራውን ስምንት እናደርገዋለን። ይህንን «ማሳመር» እንለው ነበር እንጂ ውሸት የሚለው ሰው አልነበረም። ለሰው ማዘን ነበር የሚመስለን። የእኔ እጅ ደግሞ በማሳመር የታወቀ ነው፤ ኦፕሬተሮቹ «ጌታሁን ይኑርልን» እያሉ ከመተማ ሲመለሱ ሲጋራና ሳሙና ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር እትዬ ታንጉት ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማርና የዳባት ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት አይበልጥም፣ ግን ሁላችንም አንቱ እንላቸው ነበር። አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት። ነጭ ጋውናቸው በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ተተኩሶ ነው የሚለበስ፤ እግራቸው ላይ ግን እንደማንኛችንም ኮንጎ ጫማ ነው። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ሴት ያዋልዳሉ። ከሁሉ በላይ የሚወዱት ካርድ ነው። በሽተኛ ሲመጣ ትኩሳቱን ለክተው በቀይ እርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ፣ በማግሥቱ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ነጥቦቹን በመሥመር ያያይዟቸዋል። አንድ ቀን አንድ ሰው ተሽሎኛል ብሎ ሊሄድ ሲል ካርዱን ገልጠው አሳዩት። «አፍህ ተሽሎታል፤ መሥመሩ ገና ነው። ተኛ!» አሉት። ሰውዬው ተኛ። በዚያው ሌሊት ትኩሳቱ ተነሣበት።

ችግሩ ማሳው በጓንግ በሁለት ዳር መሆኑ ነበር። አራሚዎቹ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት፣ ሰኔ ሲገባ ወንዙ ገና በእግር ሲሻገሩት ማዶ ወዳለው የሰሊጥ ማሳ ስንቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሐምሌ ላይ ወንዙ ይዘጋል፤ እስከ መስከረም ድረስ የሚሻገረው ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪም አንድ፣ ዳሩ ሁለት። አንድ ክረምት ማዶ ወባ ገባ። ከእኛ ውስጥ ያን ውኃ የሚደፍር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አዳም የሚባል የውኃ ፓምፕ ኦፕሬተር፣ ሱዳን ጋላባት ያደገ፣ በእግሩ ከመሄዱ በፊት መዋኘት የጀመረ የሚመስል። እሱ ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አስሮ አሻገረ። ግን ምን ያደርጋል! አንዱ የሦስት ቀኑን ባንድ ጉርሻ ዋጠው፤ ሌላው ትኩሳቱ በረድ ሲልለት የቀረውን ለክፉ ቀን ብሎ በጨርቅ ቋጠረው። መርፌ የሚያሻውን ማን ይለይ? ማዶ መቃብር ሲቆፈር ከዚህ ዳር ሆነን እናያለን። እትዬ ታንጉት ጋውናቸውን እንደለበሱ ቆመው ጉድጓዱን ቆጠሩ። ስድስት ነበር።

«ክኒኑ ይሻገራል፣ እጄ አይሻገርም» አሉ። «ለከርሞ ግን እጄም ይሻገራል።»

ጀልባ ሊያስመጡ ያሰቡ መስሎን ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አዳም ዘንድ ሄደው ዋና አስተምረኝ አሉት። አዳም ለሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚል፤ አንቱ የሚባለውን ነገር አልተማረውም፣ ሰውም ይቅር ብሎት ነበር። «ያ ታንጉት፣ ዕድሜሽ ሄዷል» አላቸው፣ እንደ አረብ ጠርቶ።

«በትራክተር ጎማ ከመነዳሪ ላይ ጭነህ ብታሻግረኝስ?»

«የማይዋኝ ሰው ጭነት ነው። ጭነት ደግሞ ወንዝ ይወስደዋል። ሃያ ደቂቃ መሬት ሳትነኪ ውኃ ላይ መቆየት ከቻልሽ በክረምት ትገቢያለሽ። ካልቻልሽ ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ እዚሁ ቁጭ በይ።»

በማግሥቱ ወደ እኔ ቢሮ መጡ። «ጌታሁን፣ ከዚህ ቅጽህ አንድ ጥራዝ ስጠኝ» አሉ። ለምን ሊሆንዎ ነው ብላቸው «መዝገብ የሌለው ልምምድ ካርድ የሌለው በሽተኛ ማለት ነው፤ ይሻለው ይባስበት አይታወቅም። ቅጽህ ደግሞ ሁሉም ነገር አለው» አሉ። እውነትም ሁሉም ነገር ነበረው። በነዳጅ ዓምድ የበሉትን እንጽፋለን፤ በብልሽት ያመማቸውን፤ ትራክተር ቁጥር በሚለው ቦታ «ታ» ብቻ። መዝጋቢው እኔ እንድሆን ያደረጉኝ የእጅ ሰዓት ስለነበረኝ ነው፤ መተማ የገዛሁት፣ ፊቱ አረንጓዴ፣ እርጥበት ሲነካው የሚያልበው። ለዋና የሚሆን ልብስ ከየት ይምጣ? የኦፕሬተር ሰማያዊ ቱታ ወስደው ሸሕዲ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዱና ከጉልበቱ አስቆረጡት። «እትዬ፣ ትራክተር ሊነዱ ነው እንዴ?» አላቸው ሰፊው። «አይዶለም፤ ራሴ ትራክተር ልሆን ነው» አሉት።

ጓንግ በበጋ ይበጣጠሳል፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል። አዳም ፍየሎች ያለ ሥጋት የሚጠጡበትን፣ አዞ የማይቀመጥበትን አንዱን መረጠ። ክሊኒኩ ሳይከፈት፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ሰው ማማቱ አልቀረም፤ ሴት በሱሪ፣ ከሁለት ወንዶች ጋር፣ ውኃ ውስጥ! አንዲት የካምፑ ሴት እፊታቸው ተናገረቻቸው። እትዬ ታንጉት ያን ጊዜ የልጇን ጆሮ እያጠቡ ነበር፣ እጃቸውን አላቆሙም። «ማዶ ያለውስ የእናት ልጅ አይዶለም?» አሏት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ትኩስ ገንፎ በሳሕን ትልክ ነበር፤ እኔም በነዳጅ ዓምድ እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የሠራው ሰዓት፣ የለም። ነዳጅ፣ ሻይና አንድ ዳቦ። ብልሽት ላይ ምን ልበል ብዬ ስጠይቃቸው ውኃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። «ፍርሃት በል!» ብለው ጮኹብኝ። ጻፍሁት። ሳምንቱን ሙሉ ይኸው ቃል ተጻፈ፤ እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ መጡ። እኔ እስከዛሬ ስንት ደፋር ሰው አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ የማይፈሩ ነበሩ። እየፈራ፣ ፍርሃቱንም በፊርማው አረጋግጦ፣ በማግሥቱ የሚመጣ ሰው ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። አዳም ሆዳቸውን ከሥር በመዳፉ ደግፎ «ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ፣ ውኃውን አትምቺው፣ ግፊው» ይላቸዋል። የካቲት ሲያልቅ መዳፉን ሳይነግራቸው አነሣው። ሁለት ደቂቃ ተንሳፈፉ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አጨበጨብሁ።

መጋቢት ላይ አራት አምስት ደቂቃ ሆነ። ሚያዝያ ሙቀቱ ድንጋይ ሲያስለቅስ ስምንት ደረስን። ከውኃ ሲወጡ መጀመሪያ የሚሉት «ስንት?» ነው፤ ፎጣ እንኳ ሳይቀበሉኝ። ቁጥሩ ከትናንቱ ከበለጠ ፍንጭታቸው ይታያል፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲወጉ እንኳ ያንጎራጉራሉ። ካነሰ ፊታቸው ይጠቁራል። እኔ ያን ፊት ማየት አልወድም ነበር። አንድ ቀን ስምንት ቆይተው «ስንት?» ሲሉኝ ዘጠኝ አልሁ። ሰማይ አልተደፋብኝም። በሌላው ቀን ዐሥራ አንዱን ዐሥራ አራት አደረግሁት። ሥራዬ አይደል! እጄ ለምዶታል፤ ለኦፕሬተሩ ያዘንሁትን ለእሳቸው አላዝንም? የዛሬውን ቁጥር ትናንት ካሳመርሁት ቁጥር በላይ ማድረግ ስላለብኝ ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ። እሳቸው መዝገቡን እየገለጡ በቀይ እርሳስ መሥመር ይሠሩበታል፤ መሥመሩ ሽቅብ ይወጣል። ሰኔ ሲገባ መዝገቡ ሃያ ስድስት ይል ነበር።

የመጀመሪያው ጎርፍ ሰኔ አጋማሽ ላይ መጣ። ውኃው ቀይ ነው፣ የደጋ አፈር ይሸታል፣ እንጨትና ቅጠል ያንከባልላል። አዳም ማንበብ አይችልም፣ ሰዓትም የለውም። ወደ እኔ ዞሮ «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለኝ።

«ሃያ ስድስት።»

አፏጨ። «ኸላስ፣ በቃ! እንግዲያው ዛሬ ከወንዙ ጋር ትተዋወቅ» አለ።

ማጠፊያው ድረስ በወራጁ ወርደው በዳር በኩል ሊመለሱ ነበር። ሰዓቴን ይዤ ዳር ዳሩን እከተላለሁ። ዐሥር ደቂቃ፣ ደኅና ናቸው። ዐሥራ ሁለት። ዐሥራ አራት ላይ ክንዳቸው አልነሣ አለ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ ቀዩ ውኃ ከደናቸው። አዳም እንዴት እንደ ደረሰባቸው አላውቅም፤ የቱታቸውን ማንገቻ ጨብጦ ጎትቶ ሲያወጣቸው ብቻ ትዝ ይለኛል። አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው ውኃ አስመለሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ስንት ነው?»

«ዐሥራ አራት።»

«ትናንትስ?»

መዝገቡን ወደ ጀርባዬ ወሰድሁት።

«ጌታሁን፣ ትናንትስ?»

«ዐሥራ አምስት።»

«መዝገቡ ሃያ ስድስት ይላል እኮ።»

«አሳምሬው ነው እትዬ» አልሁ። «ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው።»

አዳም ተነሥቶ በአረብኛ ተናገረኝ፤ ትርጉሙን ባለማወቄ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሊማታም ነበር። እትዬ ታንጉት እጃቸውን አንሥተው አቆሙት። አልጮኹም፤ ቢጮኹብኝ በወደድሁ። «አለቃህ የሚያነበው ወረቀት ነው፤ ለሱ ብታሳምር ይወድልሃል» አሉኝ። «ወንዙ ግን ማንበብ አይችልም።» ከዚያ መዝገቡን ተቀበሉኝና ሃያ ስድስት የምትለዋን በቀይ እርሳስ ሰረዙ፤ ወደ ኋላ እየገለጡ ሽቅብ የወጣውን መሥመር ሁሉ ሰረዙት። የአምስት ወር ልፋታቸውን ነበር የሚሰርዙት። እኔ አፈር ልገባ ምንም አልቀረኝ።

በማግሥቱ ሄጄ ሌላ መዝጋቢ ይፈልጉ አልኋቸው። «አይሆንም፤ ያበላሸ ያቃናል» አሉ። ግን ሕግ አወጡብኝ። እያንዳንዱን ደቂቃ ጮክ ብዬ እንድቆጥር፣ እሳቸውም አዳምም ዳር የቆመውም ሁሉ እንዲሰማ። አዲስ ቅጽ ጀመርን። የመጀመሪያው ቁጥር ዐሥራ አራት ነበር። በማግሥቱ ዐሥራ ሦስት ሆነ፤ ወንዙ እያየለ ነዋ። ፊታቸው ሲጠቁር እያየሁ ዐሥራ ሦስት ብዬ ጮኽሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ቁጥር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ አዲስ ዓምድ አስጨመሩኝ፤ «ወንዙ የወሰደን እርምጃ» ይላል። ከገቡበት እስከ ወጡበት በእግሬ እለካለሁ፤ አዳም ደግሞ የትራክተር ቀይ ቀለም አምጥቶ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ሦስት ምልክት አደረገ። ውኃው አንደኛው ምልክት ላይ ሲሆን ዘጠና እርምጃ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ መቶ ስድሳ። ሦስተኛው ላይ ከደረሰ አይገባም። በሠርጉ ቀን ያችን አሠልጣኝ ሳይ ይህን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ መዋኛዋ ግን የትም አይወስድም፣ ምን ብዬ ላስረዳት?

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መዝገቡ ሃያ ሁለት አለ። በዚያው ሳምንት ማዶ በረጅም እንጨት ጫፍ ነጭ ጋቢ ሲውለበለብ አየን፤ ወባ ገብቷል ማለት ነው። እትዬ ታንጉት የመድኃኒቱን ሳጥን በላስቲክ ሲጠቀልሉ እኔ አዳምን ልጠራ ሮጥሁ። አዳም እራሱ ብርድ ልብስ ሦስት ደርቦ ይንቀጠቀጣል፤ ወባዋ እሱንም አልማረችው። ነገሩን ነገርሁት። ዓይኑን ሳይከፍት ጠየቀኝ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ሃያ ሁለት።»

«የእውነት?»

«የእውነት። አንተም ሰምተሃል፣ ጮኼ ነው የቆጠርሁት።»

«እንግዲያው ብቻዋን ትሂድ» አለ።

ውኃው ሁለተኛው ቀይ ምልክት ላይ ነበር። ማዶ ካለው የአሸዋ ማረፊያ ትይዩ ተነሥቼ መቶ ስድሳ እርምጃ ሽቅብ ቆጠርሁና ቦታውን በእግሬ አሳየኋቸው። ከመዘገብሁት ቁጥር ውስጥ አንዷ እንኳ የተሳሳተች ብትሆን ከማረፊያው አልፈው ገደሉ ወዳለበት ነው የሚሄዱ። የተነፋ ከመነዳሪ ላይ ሳጥኑ ታስሯል፣ የሚጎትቱበት ገመድ ደግሞ ወገባቸው ላይ። የእርሻው ሰው ሁሉ ዳር ወጥቶ ቆሟል። አማተቡ፤ ገቡ።

አንድ! አልሁ። ሁለት! ወንዙ ወዲያው ይዟቸው ወረደ። እኔ ዳር ዳሩን እየሮጥሁ እጮኻለሁ። አምስተኛው ላይ መሐል ገቡ። ስድስተኛው ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ከላይ ሲመጣ አየሁ። እሳቸውም አዩት። አልታገሉም፤ አዳም እንዳስተማራቸው በጀርባቸው ተገልብጠው ገመዱን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ቆዩና አሳለፉት። አንድ ከእኛ ዳር የቆመ የወሎ ሰው «አብሽሩ እናቴ! አብሽሩ!» እያለ ያለቅሳል። ከዚያ ክንዳቸው እንደገና መውጣት ጀመረ። አንድ፣ ሌላ፣ ሳይቸኩል፤ ግፊው እንጂ አትምቺው እንደ ተባሉት። ዐሥራ አንደኛው ላይ ማዶ ያሉት ጎጃሜዎች እስከ ደረታቸው ገብተው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ዐሥራ ሁለት ብዬ ስጮህ አንዱ ከመነዳሪውን ያዘ። ከማረፊያው ዝቅ ያሉት ሰባት እርምጃ ያህል ነው፤ ከዚህ ሆኜ በዓይኔ ለካሁት። እትዬ ታንጉት አሸዋው ላይ በእግራቸው ቆሙና እጃቸውን ወደኛ አነሡ። እኔ ቁጭ ብዬ በሰው ፊት አለቀስሁ፤ አላፈርሁበትም።

ዘጠኝ ቀን ማዶ ሰነበቱ። ለእያንዳንዱ ሰው ካርድ አወጡለት፤ ወረቀት ቢያልቅባቸው በስኳር ከረጢት ላይ ጻፉ። መርፌ የሚያሻውን ወጉ፣ ክኒኑን በእጃቸው አጎረሱ፣ ትኩሳቱ ለበረደለት ሰው መሥመሩን አሳይተው አስተኙት። ከዚያ ተመለሱ፣ እኛ ዳር ያሉትን አዩ፣ እንደገና ሄዱ። በዚያ ክረምት አራት ጊዜ ተሻገሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ አዳም አብሯቸው ነበር፤ እንደ ጓደኛ እንጂ እንደ አስተማሪ አልነበረም።

መስከረም ላይ ውኃው ጉልበት ሲደርስ አራሚዎቹ በእግራቸው መጡ። እትዬ ታንጉት ዳር ቆመው ከካርዱ ስም እየጠሩ አንድ በአንድ ተቀበሏቸው። ከነሱ አንዱ፣ ገና ፊቱ ቢጫ የሆነ ጎጃሜ፣ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ብብቱን ይዘው አነሡት። ሁለት ካርድ እጃቸው ላይ ቀረ። ሁለት ሰው ሞቶ ነበር፤ አንደኛው ሳይደርሱለት፣ ሁለተኛው ደርሰውለትም። ሁለተኛውን ዘመናቸውን ሙሉ ያነሡት ነበር። እኔ ምን ልርዳዎ ብላቸው የክሊኒኩን ሪፖርት አጻፉኝ፤ የታመመው ይህን ያህል፣ የዳነው ይህን ያህል፣ የሞተው ሁለት።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳፋሪ ልብስ የሚለብስ፣ የሚስቅ፣ ለሰው ልጅ ክርስትና የማይቀር ነው። ሪፖርቱን አንብቦ ጠራኝ። በሌሎቹ እርሻዎች የሞተ ሰው የለም ተብሎ ተጽፏል፣ የእኛ ብቻ ሁለት ካለ ምን እንባላለን አለኝ። «እንግዲህ የእጅህን ሥራ ታውቀዋለህ ጌታሁን። አሳምራት» አለና እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

እስክሪብቶውን አልተቀበልሁትም። «ይህችን አላሳምርም ጓድ» አልሁ። ሣቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሪፖርቱን ወደ እሱ መልሼ ገፋሁት። ሣቁን አቆመ። ሪፖርቱ ሁለት እንዳለ ሄደ፤ በሳምንቱ እኔም ከመዝጋቢነት ተነሥቼ አብደራፊ ሰሊጥ መጋዘን በር ላይ ኩንታል ቆጣሪ እንድሆን ደብዳቤ ደረሰኝ። ሐሩሩ ከእኛም የባሰ፣ ሰው የማላውቅበት አገር ነበር። ከፍቶኝ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁና የሆነውን ሁሉ ለእትዬ ታንጉት ነገርኋቸው። መርፌ በብረት ድስት እየቀቀሉ ነበር። አይዞህ አላሉኝም፣ ጎሽም አላሉኝም። ድስቱን ከእሳቱ አወረዱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ቀን ቀረህ?»

«ዐሥራ አምስት።»

«ይበቃል። ውኃው አሁን ለጀማሪ ልክ ነው» አሉ። «ነገ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ቱታ ለብሰህ ወንዙ ዳር ና።»

«መዝጋቢው ማን ሊሆን ነው ታዲያ?» አልኋቸው።

«እኔ ነኛ!» አሉ፣ ፍንጭታቸው እየታየ። «ግማሽ ደቂቃም አልጨምርልህ።»